የዘጠኝ ቤት አገር ማኅተም

አጎቴ ማኅተም ቀራጭ ነበር። በከተማችን አዲስ መሥሪያ ቤት ሲከፈት፣ ወንበርና ጠረጴዛው ገብቶ ሳያልቅ አንድ ሰው ደብዳቤ ይዞ የአጎቴን መስኮት ያንኳኳል። አጎቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ያነባል። ቁጥሩን ያያል፣ ቀኑን ያያል፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተመታበትን ማኅተም ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መልሱ «አሟልተህ ተመለስ» ነው፤ የመጣው ሰው ተላላኪም ይሁን ሥራ አስኪያጅ ለውጥ የለውም። ሁሉም ከተሟላ መነጽሩን አጥልቆ ጎማው ላይ ያቀረቅርና በምላጭ፣ ፊደል በፊደል፣ ሁሉንም ገልብጦ ይቀርጻል።

አንድ ጊዜ ዘንጦ የለበሰ ሰውዬ ያለ ደብዳቤ ክብ ማኅተም ሊያስቀርጽ መጥቶ ሲለማመጠው ሰምቻለሁ። አጎቴ ሻይ ጋበዘውና፣ «ወንድሜ፣ ማኅተም ምላስ ነው፤ እኔ ለሌለ አፍ ምላስ አልቀርጽም» ብሎ ሸኘው።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ። ሰፈሩ «ጋሼ ማኅተም» ይለዋል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባታችን ሲሞት እኔ የሦስት፣ እህቴ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን፤ እሱ የራሱ ልጅ አልነበረውምና ወደ እኛ ግቢ ገብቶ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ሥራ ቤቱ አደረጋት። ደብተሬን የሚሸፍንልኝ እሱ ነበር። እህቴን የነርስነት ትምህርት ያስጨረሳትም የእሱ ምላጭ ነው። በእሱ ላይ ያደረግሁትን የምጽፈው ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው።

ቤታችን ከዘጠኝ ቤቶች አንዱ ነው። ዘጠኙም በአንድ አሮጌ የጣውላ መጋዘንና በአንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መካከል ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ከቦዩ ወዲያ ያለው ሰፈር በላይኛው አስተዳደር፣ ከመጋዘኑ ወዲያ ያለው በታችኛው አስተዳደር ሥር ነው። እኛ የየትኛው እንደሆንን የውሃ ቧንቧችን እስኪፈነዳ ድረስ የጠየቀ አልነበረም።

ላይኞቹ «የታች ናችሁ» አሉን። ታችኞቹ «የላይ ናችሁ» አሉን። አጎቴና ጎረቤታችን ቲቸር፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ማመልከቻ ይዘው ዐሥራ አራት ወር ተመላለሱ። ፋይሉ ወፈረ፤ እኛ ጀሪካን ስንሸከም ከሳን።

በመጨረሻ አንድ የካርታ ክፍል ሠራተኛ አዘነላቸውና ትልቁን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የሁለቱ አስተዳደሮች ወሰን በወፍራም ቀይ ማርከር ተሰምሮበታል። ቲቸር አፍንጫቸው ካርታውን እስኪነካ አጎንብሰው ፈለጉ፣ ፈለጉና፣ «ቤቶቻችን መስመሩ ሥር ናቸው፤ ማርከሩ ውጦናል» አሉ።

«ታዲያ ምን እንሁን?» አለ አጎቴ።

«ምን ላድርግልዎ ጋሼ? የላይም አይደላችሁ፣ የታችም አይደላችሁ። አገር መሥርቱ!» አለ ሠራተኛው እየሳቀ።

ቲቸርም ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ፣ «እኔ እኮ ስንቱን ባዶ ክፍል መሥሪያ ቤት ያደረግሁ ሰው ነኝ» አላቸው።

የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማኅተሙ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲጀምር አይቷል። ማኅተም ያልደረሰው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይወጣለትም፣ ሰው አይቀጥርም፣ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ማኅተሙ ነው መሥሪያ ቤቱን የሚፈጥረው ብሎ ያምን ነበር። ከጀርባው የሚቆመው ሌላ ነገር በእሱ መስኮት በኩል አልፎ አያውቅም።

አጎቴ የዘጠኙን ቤት ሰዎች በጎረቤታችን በከባድ መኪና ሹፌሩ ግቢ ሰበሰበ። ሰዉ የመጣው ቢያንስ ስለ ውሃው የሚወራ መስሎት ነው።

«አገር ለመመሥረት ምን ምን ያስፈልጋል ቲቸር?» ሲል ጠየቀ አጎቴ።

«ሕዝብ፣ ድንበር፣ መንግሥት፣ የሌሎች አገሮች ዕውቅና።»

«ማኅተምስ?»

«ማኅተም መጽሐፉ ላይ የለም።»

«እንግዲያው መጽሐፉ ጎዶሎ ነው።»

ሰው በሳቅ ወደቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ ነበር። ዐሥራ አራት ወር ሙሉ ማንም «የኔ ናችሁ» ያላለው ሰው፣ የራሱ ሲባል ደስ ይለዋል። የአገሩ ስም «መስመር» ተባለ። ሹፌሩ የመኪናውን መጎተቻ ገመድ አመጣና ከመጋዘኑ ግድግዳ እስከ ቦዩ ድንጋይ ወጠረው፤ ያ ድንበራችን ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ አዋጥታ ሰንደቅ ዓላማ ሰፋች፤ በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙ ለቀቀና የነጣ ፎጣ መሰለ። ሹመት ሲደለደል ከዘጠኝ ቤት ዐሥራ አንድ ሚኒስትር ወጣ፤ የሹፌሩ አማት «እኔስ ምን በደልኩ?» ስላሉ አንድ ወንበር ተጨመረ። እኔ የሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ ጸሐፊ ተባልኩ። ሹመት አልፈልግም ያሉት እናቴና እህቴ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የአገሩ ሕዝብ እነሱ ሆኑ።

«ሁሉም ሚኒስትር ከሆነ ጀሪካኑን ማን ሊሸከም ነው?» አለች እናቴ።

«ሕዝብ» አለ ሹፌሩ።

አገር መምራት ቀላል አልሆነም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ የድንበር ሚኒስትሩ ሹፌር ገመዱ ላይ አቁሞ የመግቢያ ደብዳቤ ጠየቀው። ሰውዬው፣ «ጥሩ፣ መብራቱን ቆርጬ ልመለስ» አለ። ሹፌሩ ገመዱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ «በልዩ ሁኔታ ተፈቅዶልሃል» ብሎ አሳለፈው። ቆሻሻችንን የሚያነሳው መኪና ገመዱን አይቶ ተመለሰና በዚያው ቀረ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ «ወደ ውጭ እንላከው» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ከቦዩ ማዶ ያሉት ሰዎች በማግስቱ ከነጆንያው መልሰው ወረወሩልን። ቀጥሎ ሹፌሩ ከቲቸር ጋር ተጣላና፣ የጋራ ሽንት ቤታችን በእሱ ይዞታ ላይ ስለሚገኝ ሽንት ቤቱን ይዤ እገነጠላለሁ አለ። ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የታረቁት። ውሃው እንደሆነ ጠብ አላለም።

አጎቴ ይህን ሁሉ እንደ ጉንፋን ነበር የሚያየው፤ ማኅተሙ ሲያልቅ የሚያልፍ ነገር። ደንቡን ግን አልጣሰም። በመስመር አገር ስም ለማኅተም ቀራጩ ደብዳቤ ጻፈ፣ ቁጥርና ቀን ሰጠው፣ ከዚያ ወጥቶ በራሱ መስኮት አስገባው፤ ተቀምጦም ሁለት ጊዜ አነበበው። ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚመታው ማኅተም ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። እናቴ በመስኮቱ አይታው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለሌለ አፍ ምላስ ልትቀርጽ ነው?» አለችው።

«አፉማ አለ፤ ዐሥራ አራት ወር የጮኸው ምን ሆነና?» አላት።

ዐሥራ አንድ ቀን ቀረጸው። ዙሪያውን የአገሩ ስም፣ መሃሉ ላይ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ሥር አንዲት የምትንጠባጠብ ጠብታ። ከጠብታዋ ጎን የብርሃን ነጸብራቅ የምትመስል ፀጉር የምታክል ጭረት ነበረች። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ የአገሩ ነዋሪዎች ሰነዳቸውን እያመጡ እንዲያረጋግጡ። መጀመሪያ ቀን ሰው እየተሳሳቀ መጣ። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፤ ሹፌሩ የጎማ ዋስትና ወረቀት ይዞ መጣ። ሁሉንም መታላቸው። ሁለተኛው ቀን ሁለት ሰው መጣ። እውነተኛ ሰነዱን፣ የቤት ካርታውን ወይም የልደት ወረቀቱን፣ ያመጣ አንድም ሰው የለም። ሚኒስትሮቹ ሁሉ ቀልዱ የት ላይ እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር። ያላወቅነው እሱና እኔ ነን።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም አልመጣም። አጎቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ጠረጴዛውን ደጅ አውጥቷል። ማኅተሙን በጨርቅ ይወለውለዋል፣ ጋዜጣ ላይ ይሞክረዋል፣ እንደገና ይወለውለዋል። ሰው በመንገዱ ሲመጣ ቀና ብሎ መነጽሩን ያስተካክላል። ሰውዬው ያልፋል። እሱ ወደ ጋዜጣው ይመለሳል። ሙሉ ገጹ በቧንቧና በጠብታ ተሞልቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው አንጀቴ አልቻለም።

እህቴ ያን ቀን የዲፕሎማዋን ኮፒ ይዛ ሆስፒታል ለቃል ፈተና ሄዳለች። ኦሪጅናሉ አልጋው ሥር ሻንጣ ውስጥ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ይኸው» አልኩት።

ላስቲኩን ገልጦ ሲያየው ወዲያው መልሶ ሸፈነው። «የእህትሽ ነው እኮ።»

«አዎ።»

«ታውቃለች?»

«ራሷ ናት የላከችኝ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ፣ ባለ ሱቅ ፊት ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ሳልንተባተብ ዋሸሁ።

«ራሷ!» አለ። «እሷ እኮ ትስቅብኛለች ብዬ ነበር የማስበው።» ተነስቶ እጁን በሳሙና ታጠበና ተመለሰ።

በእነሱ ሙያ አንድ ደንብ አለ። ፎቶ ያለበት ሰነድ ላይ ማኅተም ሲመታ፣ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፍ አለበት። እንዲያ ካልሆነ ፎቶውን ልጦ ሌላ መለጠፍ ይቻላልና ሰነዱ አይታመንም። የትምህርት ቤቱ ማኅተም በፎቶው ቀኝ በኩል ነበር። አጎቴ ትንፋሹን ያዘና በግራ በኩል መታው፤ እኩል ለእኩል፣ እንደ ሁለት ጉትቻ። ቀለሙ እስኪደርቅ አራግቦ፣ በላስቲኩ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ወደ ሻንጣው መለስኩት።

እህቴ የቃል ፈተናውን አለፈች። ከሳምንት በኋላ ኦሪጅናሉን ይዛ እንድትቀርብ ተጠራች። የዚያን ጠዋት ልብሷን ስትተኩስ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከሻንጣው ስታወጣው፣ ላስቲኩን ሳትገልጥ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ። «እትዬ» አልኳት። «ወዬ?» አለች። «በደንብ ሂጂ» አልኳት።

ከሰዓት በፊት ተመለሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም።

«የሰው ኃይል ኃላፊው ገልጦ አየው» አለች ለእናታችን። «አየና፣ ‹ይሄ ቧንቧ ምንድን ነው?› አለኝ። ቧንቧ ምን ቧንቧ? ስል አዙሮ አሳየኝ። ጎረቤት ቢሮ ያሉትን ጠርቶ አሳያቸው። አንዷ ‹መስመር የት ነው? ቪዛ ይጠይቃል?› አለች። ሳቁብኝ እማዬ። ኃላፊው ሲስቅ ቆይቶ፣ የማይታወቅ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ አልቀበልም፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ንጹሕ ካላመጣሽ ቦታውን ለተጠባባቂዋ እሰጣለሁ አለኝ።»

ግድግዳው ስስ ነው። አጎቴ ሰምቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ራስሽ አልነበርሽም እንዴ የላክሽልኝ?» ሊል አፉን እንደከፈተ አየሁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አንዴ ብቻ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔ ነኝ» አላት ለእህቴ። «እኔ ነኝ ከሻንጣው ያወጣሁት።»

«ሳትነግረኝ?»

«ሳልነግርሽ።»

«ሻንጣዬን ከፍተህ?» አለች። ሻንጣ ከፍቶ አያውቅም፤ የእኛን ክፍል እንኳን ሳያስል አይገባም። «ለሌላው ሰው ሁሉ ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተም አምጣ ስትል ኖረህ፣ የኔ ላይ ስትደርስ!» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። እናቴ ወንድሟን በዓይኗ ወደ ውጭ ሸኘችው። እኔ የጀሪካኑን ክዳን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ከፍቼ ዘጋሁት።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ዲፕሎማ ለመስጠት አንድ ነገር ጠየቀ፦ ማኅተሙን የመታው አካል ሥልጣን እንደሌለው በጽሑፍ ይመን፣ ቃሉንም የሚኖርበት አስተዳደር ያረጋግጥ። አጎቴ ወደ ላይኛው ሄደ፤ «የታች ነዎት» አሉት። ወደ ታችኛው ሄደ፤ «የላይ ነዎት» አሉት። እንዲህ ስድስት ቀን አለፈ። የመስመር ሚኒስትሮች ነገሩ ወደ መንግሥት ቢሮ መድረሱን ሲሰሙ አንድ በአንድ ሥልጣን ለቀቁ። ሹፌሩ ገመዱን ፈታና፣ «መኪና ልጎትትበት ነው» አለ። ልብስ ሰፊዋ ሰንደቅ ዓላማውን አውርዳ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸፈነችበት።

በሰባተኛው ቀን ከአጎቴ ጋር ወደ ታችኛው አስተዳደር ሄድኩ፤ እናቴ ናት «ብቻውን አይሂድ» ያለችኝ። ቲቸርና ሹፌሩም አብረውን መጡ። መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ፋይሉን ገለጠች፣ ገለጠችና ሰለቻት።

«ጋሼ፣ እኔ ቦታውን ላረጋግጥልዎ አልችልም። የሰው ቃል ግን መቀበል እችላለሁ። ቃልዎን እዚሁ ይስጡ፣ ጸሐፊዋ ትጻፈው፣ እኔ ማኅተም እመታበታለሁ።»

«ይሁን።»

«ተነስተው ይቁሙ እንግዲህ።»

ክፍሉ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል። ከእነሱ መካከል ስንቱ የአጎቴ ደንበኛ ነው፤ የላይኛው ገበያ ተላላኪ፣ የጤና ቢሮዋ ጸሐፊ። በራሷ በሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ያለው ክብ ማኅተምና ከጎኑ ያለው ቲተር፣ የኃላፊው ስም ያለበት ማኅተም፣ ሁለቱም የአጎቴ ሥራ ናቸው። አጎቴ ቆመ። ሹፌሩ የሆነ ማስታወቂያ ሊያነብ ወደ ግድግዳው ሄደ። ቲቸር ኮሪደር ላይ ቀሩ።

«አገር መሥርተዋል?»

ሰው ቀና አለ።

«አዎ» አለ አጎቴ።

«ስሙ?»

«መስመር።»

«ሥልጣን የሰጠዎ አካል አለ?»

«የለም።»

«ጮክ ይበሉ፣ ትጻፈው።»

«የለም!»

«አገሩስ አለ ወይስ የለም?»

አጎቴ ገና ሳይመልስ ከወረፋው ኋላ አንድ ሰው፣ «ከሌለ ጋሼ ፓስፖርትዎን ይመልሱ!» አለና ክፍሉ ሳቀ። ሴትዮዋም ፈገግታዋን በወረቀት ሸፈነች። የአጎቴ አንገት ከነጭ ሸሚዙ ኮሌታ በላይ ሲቀላ አየሁ።

«የለም» አለ። «ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ ያለ ያስመሰልኩት።»

«ዲፕሎማውን ማን አመጣልዎ?»

ያን ጥያቄ አልጠበቅሁትም። ክንዴ ክንዱን እየነካ ነው የቆምኩት። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ወረፋው ያየኛል፣ ጸሐፊዋ ስሜን ትጠይቀኛለች፣ ወረቀቱ ነገ እህቴ እጅ ይገባል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩትና አንገቴን ደፋሁ።

«ማንም አላመጣልኝም። ከእህቴ ልጅ ሻንጣ እኔው ነኝ ያወጣሁት፣ እሷ ሳታውቅ» አለ አጎቴ።

«እንዲህ ብሎ መጻፍ ሌብነት ነው የሚሆነው ጋሼ» አለች ሴትዮዋ፤ ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር።

«የሚሆነውን ይሁን፤ ይጻፍ።»

ጻፈችው። ፈረመ። ማኅተሙን ያስረክቡ ሲባል ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሴትዮዋ ገልብጣ አየችውና፣ «እንዴት ያምራል!» አለች፤ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሹፌሩና ቲቸር ቀድመውን ሄዱ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። «እነግራታለሁ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ» አልኩት።

«አትነግሪያትም።»

«ግን እኮ እኔ ነኝ …»

«ስሚኝ። የኔ ፊት ያረጀ ነው፣ ቢቆሽሽም ብዙ አልሄድበትም። አንቺ ገና ብዙ ሰው የምታዪበት ፊት ያስፈልግሻል።»

እኔም እሺ አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ እሺ ስል ቀለለኝ።

ዲፕሎማው የደረሰው በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ሆስፒታሉ ቦታውን ለተጠባባቂዋ ሰጥቶ ነበር። እህቴ ሌላ ሥራ ለማግኘት ሰባት ወር ፈጀባት። በእነዚያ ሰባት ወራት በአጎቴ መስኮት ስታልፍ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። በአንድ ማዕድ እንቀርባለን፤ ጨው አቀብይኝ ካላት ለእናቴ ታቀብላለች፣ እናቴ ለእሱ።

የቃሉ ግልባጭ ለየመሥሪያ ቤቱ ተላከ። ያለ ሥልጣን ማኅተም የቀረጸ ሰው ዘንድ ማን ደብዳቤ ይዞ ይመጣል? ክብ ማኅተም የሚያስቀርጽ ሰው ቀረ። ባለ ሱቆች «ዕቃ አይመለስም» የሚል ጠፍጣፋ ማኅተም ያሠሩታል፤ ያንንም ሁለት ጊዜ አንብቦ ነው የሚቀርጸው።

ውሃው መጣ። ጸሐፊዋ ቃሉን ስትቀበል በአድራሻ ቦታ ላይ፣ በልማድ ይሁን ሰልችቷት፣ «የዚሁ አስተዳደር ነዋሪ» ብላ ጽፋ ኖሯል። ቲቸር ግልባጩ ላይ አይተውት እየሮጡ ሄዱ፤ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ማን ይክዳል? በሦስት ሳምንት ውስጥ ቧንቧው ተጠገነ። ሰፈሩ ቲቸርን አመሰገነ። አጎቴ ባልዲውን ይዞ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆመ። «እስቲ ጋሼን አሳልፏቸው» ያለ አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።

እህቴ በከተማው ሌላ ጫፍ ባለ ክሊኒክ ተቀጠረች። ሥራ የምትጀምርበት ዕለት ጠዋት ነጭ ጋዋንዋን ስትተኩስ፣ ልክ እንደዚያን ቀን አጠገቧ ቆምኩ። «እትዬ» አልኳት። «ወዬ?» አለች።

«ዲፕሎማሽን ከሻንጣ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ካውያውን አቁማ አየችኝ።

«ጋሼ ‹ታውቃለች?› ብሎ ጠየቀኝ። ራሷ ናት የላከችኝ አልኩት።»

«እንደዚያ አልሽው?»

«አዎ።»

«ሰባት ወር!» አለች በቀስታ። «ሰባት ወር ጨው ስከለክለው እያየሽ?»

ካውያውን ነቅላ፣ ጋዋንዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ወደ መንገዱ ግን አልሄደችም፤ ዞራ መስኮቱ ጋ ቆመች። አጎቴ አለቃ እንደመጣበት ሰው ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?»

«ደህና … ደህና አደርሽ ልጄ?» አለ።

«ለምን እኔ ነኝ አልከኝ?»

«ማኅተሙን የመታሁት እኔ አይደለሁ? እሷ ወረቀት አቀበለችኝ እንጂ ምን አደረገች? ‹ደብዳቤ አምጪ› ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሰው እንዲያመጣልኝ ጓጉቼ ነበር።»

እህቴ በመስኮቱ እጇን ሰደደችና ትከሻውን ያዘች። «ሂጂ፣ የመጀመሪያ ቀንሽ ነው፣ እንዳይረፍድብሽ» አላት።

ከመስኮቱ ስትመለስ ጃንጥላዋን ይዤ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ወሰደችው፤ ወደ እኔ ግን አላየችም። እሷ ከራቀች በኋላ አጎቴ ጠራኝ።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየና፣ «እኔ እኮ ለምጄው ነበር» አለ።

ማታ እህቴ ዳቦ ገዝታ መጣች። በእናቴና በአጎቴ መሃል ተቀምጣ የዋለችበትን ታወራላቸዋለች፦ መርፌ ፈርቶ ከአልጋ ሥር ስለገባ ትልቅ ሰውዬ፣ ጫማዋ ስለመታት፣ ኃላፊዋ ስለ እጅ ጽሑፏ ስላመሰገነቻት። አጎቴ ሰውዬው እንዴት ከአልጋው ሥር እንደወጣ ሁለት ጊዜ አስነገራት። ሻይ ቀዳሁና ፊቷ አኖርኩ። ብርጭቆውን ወሰደች፣ ወሬዋንም ለእነሱ ቀጠለች። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁ። ያን ዓመት ስለ እህቴ ሥራ ያወቅሁት ሁሉ እንዲህ ለሌላ ሰው ሲነገር የሰማሁት ነው።